በአንዲት ኳስ የሚጎተት ቤት

ማለዳ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የካምፕ ሜዳ ባልና ሚስት ጓዛቸውን ሸክፈው ለመነሳት ተሰናድተዋል። ባል ፒክአፑን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያስጠጋል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራዋለች፤ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ከተጎታቹ ቤት ፊት እንደ ሞፈር የወጣው ብረት ጫፉ ላይ ጎድጓዳ ቆብ አለው። ቆቡ ልክ በፒክአፑ ኳስ አናት ላይ ሲደርስ የክሪኩን እጀታ ታዞራለች፤ ሞፈሩ ዝቅ፣ ዝቅ ይልና ቁጭ ይላል። የብረቷ ኳስ 5 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው፣ ከሎሚ ብዙም አትበልጥም። አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁና የውኃ ታንከሩ ሁሉ ከአሁን ወዲያ በእሷ ይጎተታሉ።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች እንዲስፋፉ ካደረጉት አንዱ ካናዳዊው ሬይ ኦሌኮ ነው። ኦሌኮ በፊት ከፋይበርግላስ ቀላል የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሠርቶ ነበር። በዚያው ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1968 በዊኒፔግ ከተማ «ቦለር» የተባለችውን እንቁላል መሳይ ተጎታች አወጣ። የላይና የታች ቅርፊቷ ለየብቻ ተሠርቶ ወገቧ ላይ ይጋጠማል። ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቷ ግማሽ ቶን አይሞላም ነበር። በሚኒሶታ የምትመረተው «ስካምፕ»ም የእሷው ዘር ናት።

ኢትዮጵያም ተጎታች ቤት አይታለች። የኤርስትሪም ፋብሪካ መሥራች ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1960 ባደረገው ጉዞ 41 የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ሲጓዝ በአገራችን አልፏል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለውታል።

ዛሬ በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ከሚጎትቱት መኪናዎች መካከል ቶዮታ ታኮማ፣ ሸቭሮሌት ኮሎራዶ፣ ፎርድ ሬንጀርና ኒሳን ፍሮንቲየር ይገኙበታል። መካከለኛ ፒክአፖች ይባላሉ፤ በከተማ ለማቆም አያስቸግሩም፣ ጭቃና ኮረኮንችም አይበግራቸውም። እንደ ሞዴላቸው እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ይችላሉ ይባላል። ገዢው ይህን ቁጥር ሲያይ ልቡ ይሞላል፤ የተጎታቹ ክብደት 1,600 ኪሎ ብቻ ከሆነማ ምን ያሰጋዋል?

የሚያሰጋው ሌላ ቁጥር ነው። የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶውን የሚመለከት ሰው አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይነግረዋል። የመጎተት አቅም አንድ ነገር ነው፣ የመሸከም አቅም ሌላ ነው። ተጎታቹ ደግሞ የሚጎተት ብቻ ሳይሆን የሚጫንም ነው፤ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በሞፈሩ በኩል ኳሷ ላይ ያርፋል።

ሒሳቡን እንሥራው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 520 ኪሎ ነው እንበል። የ1,600 ኪሎ ተጎታች 12 በመቶው 192 ኪሎ ይሆናል። ማያያዣው ብረት ራሱ 20 ኪሎ ቢመዝን፣ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ተደምረው 230 ቢሆኑ፣ የቀረው 78 ኪሎ ብቻ ነው። ጄኔሬተር፣ ማገዶና ሁለት ብስክሌት ሲጫንበት ያልቃል። ሞተሩ ገና ኃይል እያለው ባሌስትራው ይተኛል፣ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውም ይሳሳል።

ታዲያ ጫናውን ለማቅለል ዕቃውን ወደ ተጎታቹ ኋላ መግፋት አይሻልም? ፈጽሞ! ኋላው የከበደ ተጎታች በፍጥነት ሲሄድ ጅራቱን እንደ ዓሣ ግራና ቀኝ መወዝወዝ ይጀምራል፤ ፒክአፑንም ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነውና ታንከሩ ከጎማዎቹ ፊት ይሁን ኋላ ማወቅ ያስፈልጋል። መወዝወዙ ከጀመረ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ጋቢና ውስጥ ባለው መቆጣጠሪያ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጁ ይይዛል። የፒክአፑን ፍሬን ድንገት መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለክፉ ቀን የታሰቡ መጠባበቂያዎችም አሉ። ሁለት ሰንሰለቶች ከሞፈሩ ሥር ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ቆቡ ከኳሷ ቢወጣ ሞፈሩን መሬት ሳይነካ እንደ አንቀልባ ያቅፉታል። እነሱም ቢበጠሱ ከፒክአፑ ጋር የታሰረች ቀጭን ገመድ አንዲት ቁልፍ ትነቅላለች፤ ወዲያው የተጎታቹ ባትሪ የራሱን ፍሬን ያስይዛል።

ፍጥነትም ልክ አለው። በካሊፎርኒያ ተጎታች የያዘ መኪና በሰዓት ከ55 ማይል ማለትም ከ88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ሕግ ይከለክላል። ነፋስ የሚፈጥረው ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ዝግ ማለት ነዳጅም ይቆጥባል።

ግምት የማያረካው ሰው ወደ ከባድ መኪናዎች ሚዛን ይሄዳል። በአሜሪካ በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች በከባድ መኪናዎች ማደያ የሚገኘውን ይህን ሚዛን አሳምረው ያውቁታል፤ የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጣል። ፒክአፑ አንድ ጊዜ ለብቻው፣ አንድ ጊዜ ከነተጎታቹ ከተመዘነ፣ በፒክአፑ አክስሎች ላይ የታየው ጭማሪ ኳሷ ላይ ያረፈው ጫና ነው።

አመሻሽ ላይ የሚቀረው ጀማሪን የሚያስጨንቀው ወደ ኋላ መግባት ነው። ልምድ ያላቸው መሪውን ከታች በኩል ይይዛሉ፤ እጅ ወደ ግራ ሲሄድ የተጎታቹም ጀርባ ወደ ግራ ይሄዳል። ሚስት እንደገና ከኋላ ቆማለች፤ «ና፣ ና... በቃ!» ባል ወርዶ መጀመሪያ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፋል፣ ከዚያ ክሪኩን ያዞራል። ቆቡ ከኳሷ ይላቀቃል፣ ተኝቶ የዋለው ባሌስትራም ቀና ይላል።