ካምቢዮው ከወረደ አይቀር

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሹፌር ደጀን ሲደርስ ከፊቱ የሚጠብቀውን ያውቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የዓባይ በረሃ ውስጥ ይገባል፤ በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። የቆየ ናፍጣ መኪና ጭነቱን እንደያዘ ከከባድ ተሽከርካሪ ኋላ ተሰልፎ በዚያ ዳገት ላይ ቆም ነሳ ሲል፣ ከወለሉ ሥር ኮምጠጥ ያለ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ተሳፋሪው መስኮት ይከፍታል። ሹፌሩ ግን ነገሩ ገብቶታል፤ ፍሪሲዮኑ እየነደደ ነው።

ፍሪሲዮንና ቮላኖ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተሸሽገው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ኮፈን ቢከፈት አይታዩም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ቢያዩም አይታዩም። አብዛኛው ባለመኪና ስማቸውን አጥብቆ የሚሰማው የጥገናው ሂሳብ ሲቀርብለት ነው። ሂሳቡም ቀላል አይደለም። እናም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱን በቅርብ ማወቅ ይጠቅማል።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን በብዙ እጥፍ ጨምቆ፣ ከመጨመቁ በሚመጣው ግለት ብቻ ነዳጁን ያቀጣጥላል። በሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ የምናውቃቸው የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች አራት አራት ፒስቶን አላቸው፤ አራቱ ተራ በተራ ስለሚተኩሱ ኮሎው፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ኃይለኛ ምት ያገኛል። ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ባለው ቅጽበት ግን ቀጣዩ ፒስቶን አየር ለመጨመቅ ሲታገል ሞተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን አንዴ ካሾሩት በኋላ እጃቸውን ቢያነሱም መዞሩን አያቆምም፤ የሚያስቀጥለው እንዝርቱ ላይ ያለው ክብ ክብደት ነው። ቮላኖም ሥራው ይኸው ነው። በኮሎው ጫፍ የታሰረ ከባድ የብረት ሳህን ነው፤ ምት ሲመጣ ጉልበቱን ይቀበላል፣ ምት ሲጠፋ ያጠራቀመውን ይመልሳል። በናፍጣ መኪና ላይ ቮላኖ ከቤንዚን መኪናው የሚከብደውም ምቱ ስለሚበረታ ነው።

በዚህ ሳህን ዙሪያ ባለጥርስ ቀለበት አለ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ጥርሱን የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው። ጀርባው ደግሞ እንደ መስታወት ተስተካክሎ የተላገ ነው፤ ፍሪሲዮን ሸራው የሚለጠፍበት ፊት እሱ ነው። ሸራው በቮላኖውና በፕሬሸር ፕሌቱ መካከል በጠንካራ ሞላ ተጣብቆ ይውላል፤ እንደተጣበቀ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያሻግራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው ሞላውን ይጫንና ሸራው ነፃ ይወጣል፤ ማርሽ ይቀየራል። ሙሉ በሙሉ ሲረገጥም ሆነ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ሸራው አይበላም። የሚበላው በመሃል ባለችው ቦታ፣ ማለትም እየተንሸራተተ በሚይዝባት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የሙቀቱም መግቢያ ሸራውና የቮላኖው ፊት ነው።

እንግዲህ የእኛን አገር ነገር እንይ። የጣና ሐይቅ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርም ከዚያው ግድም ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚያገኘው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሹፌሩ ይህን በቁጥር አያስበውም፤ እግሩ ግን ለምዶታል። ነዳጅ አብዝቶ ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቀ ይነሳል። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ በአንድ ቅጽበት የሚነሳውን ጭነት፣ እዚህ ለማንሳት ሸራው ረዘም ላለ ጊዜ እየተንሸራተተ ይቃጠላል ማለት ነው። የደገኛ መኪና ፍሪሲዮን ቶሎ ማለቁ ሁልጊዜ የሹፌሩ ጥፋት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ራሷ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿም ሰፋፊ ናቸው። ግን በየአደባባዩ በባጃጆች መሃል እየገቡ ቆም ነሳ ማለት አለ። ከከተማ ሲወጡ ደግሞ ፈተናው ይለያያል። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የፎገራ ሜዳ ይመጣል፤ የሩዝ አገር ነው፤ በክረምት ጥቁር አፈሩ ጎማ ይይዛል። ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ፒክ አፕ ወደፊት ወደኋላ እያሉ ለማውጣት የሚደረገው ትግል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የብዙ ወር አገልግሎት ሊበላ ይችላል። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦር ለመድረስ ደግሞ ወደ 900 ሜትር ግድም መውጣት አለ።

ሕመሙ ሲጀምር ምልክቱ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ፔዳሉ ከጫፍ ላይ ካልሆነ አይዝም። በዚህ ደረጃ ላይ ያለውን መኪና «ይችን ወር ልጨርስባትና» እያሉ መንዳት ነው ትልቁን ኪሳራ የሚያመጣው። ሸራው ሲያልቅ የያዙት ምስማሮች ብቅ ይሉና የቮላኖውን ፊት እንደ ማረሻ ይተለትሉታል። በሸራ ብቻ ሊያልቅ የነበረው ጉዳይ ወደ ቮላኖ ይሸጋገራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የጥገናው ወጪ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሥራውን ማየት ያሻል። መኪናው ጉድጓድ ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይፈታል፣ ሞተሪኖው ይወርዳል፣ ገመዱና ቱቦው ይለያያል፣ ሞተሩ ከሥር በክሪክ ይደገፋል፤ ከዚያ በካምቢዮው ዙሪያ ያሉት ቡሎኖች አንድ በአንድ ይላላሉ። ጋቢና ውስጥ ሆኖ በብርሃን የሚደረስባቸው አሉ፤ በጭፍን በእጅ ዳሰሳ ብቻ የሚገኙም አሉ። ባለሁለት ዲፍረንሻል መኪና ከሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ካምቢዮው ሲወርድ ጥቁር ብናኝ ይራገፋል። ይህ ሁሉ ድካም የአንዲት ስስ ሸራ ጉዳይ አይደለም፤ ሸራዋ ጋ ለመድረስ ነው።

አሁን የቮላኖው ፊት ወጥቷል። ጤነኛ ከሆነ አመድማ ነው፣ ወጥ ነው። የተሰቃየ ከሆነ እዚህም እዚያም ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ የጠነከረበት ቦታ ነው። ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲጋደምበት በሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ፊቱ ጎድጉዷል። ጣት አስገብቶ ጠርዙን መዳሰስም ብዙ ይነግራል። ከመሃል በኩል ዘይት ረጥቦ ከተገኘ የኮሎው የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት ከልካይ ጎማው) እያፈሰሰ ነው፤ አዲስ ሸራ በዚያ ላይ መግጠም ገንዘብ መበተን ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ ዳግመኛ አይይዝም።

ጥርሱም መታየት አለበት። ባለአራት ፒስቶን ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው በአብዛኛው በሁለት ቦታዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ሞተሪኖው ዘወትር የሚነክሰው እነዚያኑ ሁለት ቦታዎች ነው። የቀረው ጥርስ አዲስ ሆኖ ሳለ እነሱ ተበልተው «ክርር» ማለት ይጀምራል። ጎበዝ ባለቶርኖ ቀለበቱን በእሳት አግሎ ያወጣውና ገልብጦ ወይም ቦታውን አዛውሮ ይመልሰዋል። አንድ ቮላኖ በዚህ መንገድ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህ ብልሃት ለእኔ ከጋራዥ ሥራዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው፤ ምንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ነውና።

የጎደጎደ ፊትም ይስተካከላል፤ ግን እንዴት እንደሚስተካከል መጠየቅ ተገቢ ነው። ቶርኖ ላይ በቢላ ብቻ ከተላገ ቢላው በግለት የጠነከሩትን ሰማያዊ ቦታዎች ዘሎ ያልፋቸዋል፤ ለዓይን ያማረ፣ ለእግር ግን የሚንቀጠቀጥ ፍሪሲዮን ይሆናል። በድንጋይ የሚያለሰልስ የሬክቲፊካ ማሽን ካለ የተሻለው እሱ ነው። ብረቱ ከተፈቀደለት ውፍረት በታች ከሳሳ ወይም ስንጥቁ ከጠለቀ ግን ማዘን አይገባም፤ መጣል አለበት። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ከባድ ብረት የተቀመጠው ከሰው እግር አጠገብ ነው፤ ቢፈነዳ አደጋ ነው።

እስከ አሁን ያወራነው ስለ ድፍኑ ቮላኖ ነው። አዳዲሶቹ ናፍጣ መኪኖች ሌላ ዓይነት ይዘው መጥተዋል። ሉክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ባለሁለት ክፍል ቮላኖ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በግሪስ ውስጥ በተኙ ረጃጅም ሞላዎች ይያያዛሉ። የናፍጣውን ምት ሞላዎቹ ስለሚውጡት መኪናው ጸጥ ይላል፣ ካምቢዮውም ያርፋል። ዲ-4ዲ ሞተር ባላቸው ፕራዶዎችና በፎርድ ሬንጀር ላይ ይገኛል። መኪናው አርጅቶ ሞላዎቹ ሲደክሙ ግን ሞተር በሚጠፋበት ቅጽበት «ቋ» የሚል ድምፅ፣ ቆሞ ሲሠራ ደግሞ መንኳኳት ይመጣል። ይህኛው እንደ ድፍኑ በቶርኖ አይድንም፤ ተለውጦ ነው የሚታረፈው። ዋጋውም ከድፍኑ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ድፍን ቮላኖ ይቀይረዋል። እኔ በእኛ መንገድና በእኛ ኪስ ይህን አልነቅፍም። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። ለዚያ ሞተር ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሸራው የራሱ ሞላዎች ያሉት ሙሉ ዕቃ መሆን አለበት፤ መኪናውም ከቀድሞው ይልቅ እንደሚንቀጠቀጥና ካምቢዮው ላይ ጫና እንደሚጨምር ተቀብሎ ነው። ሁለቱን ክፍሎች በብየዳ አጣብቆ መመለስ ግን ጥገና አይደለም። ሚዛኑ የተዛባ ብረት ኮሎውን ይዞ ይጠፋል።

ወጪው ለምን እንዲህ ናረ? አንደኛው ምክንያት መኪኖቻችን ማርጀታቸው ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም መኪናን ጨምሮ ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ ታግዶ ነበር። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እነዚህ እርምጃዎች የየራሳቸው ዓላማ ነበራቸው፤ ነገር ግን አዲሱን መግዛት የማይችለው ሰው ያለውን አሮጌ ናፍጣ መኪና እያስጠገነ እንዲነዳ አድርገዋል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፍሪሲዮን፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ ኩሽኔታ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ባሕር ዳር ላይ ያልተገኘ ዕቃ ከመርካቶ ወይም ከሶማሌ ተራ ይታዘዛል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ መኪናው ጉድጓድ ላይ እንደቆመ ይከርማል፤ ያ ሁሉ ቀን የባለሚኒባሱ ገቢ የለም።

ታዲያ በዚህ ሰዓት የሚደረገው ስህተት ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ደንበኛው «ሸራውን ብቻ ቀይርልኝ» ይላል። ባለሙያውም ደንበኛ ላለማጣት እሺ ይላል። የድሮው ኩሽኔታ ይመለሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ መጮኽ ይጀምራል፤ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ሸራው፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው መለወጥ፣ ፓራኦሊዮው መታየት፣ ቮላኖው መለካት አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ መለካቱ ከሁሉም ይረክሳል፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒክ የተከፈተባት፣ የብረት ሥራና የእርሻ መሣሪያ ጥገና በትምህርት ቤት የተሰጠባት ከተማ ናት። የዛሬው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያ ወራሽ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ከተማ ቮላኖን በትክክል የሚለካና በድንጋይ የሚያስተካክል አገልግሎት ለጋራዦቿ በቅርብ ልታቀርብ ይገባል። ኢንስቲትዩቱና የከተማዋ ባለቶርኖዎች ቢመካከሩበት በአንድ ማሽን የብዙ ሰው ገንዘብ ይድናል።

ሹፌሮችም የበኩላችሁ አለ። ማርሽ ከቀየራችሁ በኋላ እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንሱ፤ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ሳይሆን በእጅ ፍሬን ያዙት፤ ጭነት ይዛችሁ በሁለተኛ ማርሽ አትነሱ። አዲስ ሸራ ሲገጠም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለሆሳስ ንዱ። ጋራዥ ስትገቡም ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ሄዳችሁ ቮላኖውን በዓይናችሁ እዩት፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተረከቡ፤ ባለሙያው «ይቀየር» ካለ ለምን እንደሆነ ፊቱ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለዋል።