ብጉርና መድኃኒቱ፤ ካለፈው ትውልድ እስከ ዛሬ

ብጉር በጉርምስና ወራት መጥቶ ጊዜው ሲደርስ የሚሄድ ነገር ነው እየተባለ በቀላሉ ይታለፋል፡፡ ለብዙዎቹ ወጣቶችም ነገሩ እንዲሁ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ከቆዳ ሥር ጠልቆ የሚያብጥ፣ መግል የሚቋጥር፣ ሲድንም የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎ የሚያልፍ ብርቱ ብጉር አለ፡፡ ይህ የያዘው ወጣት ከመስተዋት ይሸሻል፤ ፎቶግራፍ መነሣት ይጠላል፤ በሰው ፊት ቆሞ መናገርም ያፍራል፡፡ እኛም ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ብርቱ ዐይነት ነው፡፡

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት፡፡ ብጉር የሚመጣው ፊትን ካለመታጠብ አይደለም፡፡ በጉርምስና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ያነሣሣሉ፤ ቅባቱ ሲበዛ የጠጉሩ ቀዳዳ ይደፈናል፤ በተደፈነውም ስፍራ ባክቴሪያ ይራባል፤ እብጠትና ቁስል ይከተላል፡፡ ስለዚህ «ፊትህን ታጠብ» የሚለው ምክር ብርቱ ብጉር ለያዘው ሰው ነቀፋ ይሆንበታል እንጂ አያድነውም፡፡

ታዲያ ሐኪሞች ለዚህ ደዌ ምን ሲያደርጉለት ኖሩ? የነገሩ ታሪክ በአሜሪካ አገር በሰፊው ተመዝግቦ ስለሚገኝ ምሳሌያችንን ከዚያው እንወስዳለን፤ ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን፡፡

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ቀላሉ ብጉር በድኝ ቅባት ይታከም ነበር፡፡ ለብርቱው ግን የራጅ ጨረር በፊት ላይ ይለቀቅ ነበር፡፡ ጨረሩ የቅባት ዕጢዎቹን ስለሚያደርቅ ፊት ይጠራል፤ ሐኪሙም በሽተኛውም በውጤቱ ይደሰቱ ነበር፡፡ ዕዳው የተጠየቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፡፡ በወጣትነታቸው ጨረር የተለቀቀባቸው ሰዎች ጎልማሳ በሆኑ ጊዜ የቆዳና የእንቅርት ዕጢ ነቀርሳ ከሌላው ሰው ይልቅ በእነርሱ ላይ በዝቶ ታየ፡፡ ሕክምናውም በዚሁ ቀረ፡፡

በ1950ዎቹ ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መጣ፡፡ ብዙ ወጣቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ዋጡት፤ ተጠቀሙበትም፡፡ ነገር ግን ከጊዜ ብዛት መድኃኒቱ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ተፈጠሩ፡፡ ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች የዚህን ወገን መድኃኒት የሚያዙት ለጥቂት ወራት ብቻ፣ ያውም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተባለው የሚቀባ መድኃኒት ጋር ነው፡፡

ከዚያም ተራው የቪታሚን ኤ ዘመዶች ሆነ፡፡ ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት በ1971 ለብጉር ተፈቀደ፡፡ በዚህ ሥራ ስማቸው የሚጠራው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አልበርት ክሊግማን ናቸው፡፡ እኒሁ ሐኪም ግን በፊላዴልፊያ ከተማ በሆምስበርግ ወኅኒ ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች በሆኑ እስረኞች ላይ እስከ 1974 ድረስ ልዩ ልዩ የቆዳ ሙከራ ያካሂዱ ነበር፡፡ ከተማይቱ ስለዚህ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 ነው፡፡ የሳይንስን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህንንም አብሮ ሊያነብ ይገባል፡፡

ለብርቱው ብጉር ታላቁ ለውጥ የተሰማው በ1979 ነው፡፡ ዶክተር ጋሪ ፔክና ባልደረቦቻቸው ሌላ መድኃኒት እምቢ ላላቸው 14 በሽተኞች አይሶትሬቲኖይን የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥተው የ13ቱ ብጉር ፈጽሞ እንደጠፋ አስታወቁ፡፡ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ፊታቸው እንደጠራ ቆየ፡፡ በ1982 ለሽያጭ ተፈቀደ፡፡ ዳሩ ግን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ጽንሱን ክፉኛ ይጎዳል፤ በ1983ም የአካል ጉድለት ይዘው ስለተወለዱ ሕፃናት ይነገር ጀመር፡፡ በዚህም ምክንያት ቁጥጥሩ በ1988፣ ኋላም በ2006 ጠበቀ፡፡ ዛሬ በዚያ አገር ልታረግዝ የምትችል ሴት ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በምርመራ ሳይረጋገጥ መድኃኒቱ አይሰጣትም፡፡

ከዚህ ሁሉ እኛ የምናስተውለው አንድ ነገር ነው፡፡ የራጁ ሕክምና ፊትን ማጥራቱ እውነት ነበር፤ የጎደለው ዕዳውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፡፡ የዛሬው መድኃኒት ጉዳት የሌለበት ሆኖ አይደለም፤ ጉዳቱ ስለታወቀና ሐኪም ስለሚጠብቀው ነው የሚታመነው፡፡

ይህ ነገር በአገራችንም ይመለከተናል፡፡ ኮርቲዞን መሰል ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ፊታቸውን የሚቀቡ ወጣቶች አሉ፡፡ ቅባቱ በመጀመሪያ መቅላቱን ያበርዳል፤ ሲውል ሲያድር ግን ቆዳውን ያሳሳል፤ ባቆሙትም ጊዜ ብጉሩ ብሶ ይመለሳል፡፡ ይህ የራጁ ዘመን ስሕተት በትንሽ ቱቦ ተሽጎ መምጣቱ ነው፡፡

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ብርቱ ብጉር ቢይዘው «ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ጠባሳው አያልፍምና፡፡ ወጣቶችም ከጓደኛ የተቀበላችሁትን ቅባት ፊታችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ጠይቁ፡፡ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም «ያድነኛል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያስከፍለኛል?» ማለትን አትርሱ፡፡