ያረጀ ሰርቨር ሲቆም

ሰርቨር የሌሎች ኮምፒውተሮችን ጥያቄ ሌት ተቀን እንዲያስተናግድ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። በምርምር ተቋም የዓመታት ልኬት የሚቀመጠው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ከዕቃው በፊት መታሰብ ያለበት መረጃው ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባው ለቡ ሰፈር ባሻገር በሚታየው ፉሪ ተራራ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ ተራራ አካባቢ ሲናወጥ የአዲስ አበባ ፎቆች ጭምር ተነቃንቀዋል። እንዲህ ያለ ንዝረት ተመዝግቦ ከጠፋ ዳግም አይለካም።

ለቡ ያለበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደግሞ ለሰርቨር አይመችም። የጀሞና የለቡ የግንባታ አቧራ በማራገቢያው ይገባል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩ ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ስሱ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። አንዳንድ አምራቾች ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚህ ስሌት 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ማሽን እዚህ አቅሙ 30 ገደማ ነው።

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት የስህተት መዝገቡ (ሎጉ) ይነበብ። ሲስተሙ ባይነሳም እናት ቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ መቆጣጠሪያ የትኛው ራም፣ የትኛው ማራገቢያ እንደተበላሸ ይመዘግባል። ያረጀ ሰርቨር ራም በ64 ቢት ላይ 8 ቢት ጨምሮ ስለሚይዝ አንዲት የተሳሳተች ቢት ትታረማለች። እርማቱ በአንድ ራም ላይ ከተደጋገመ ነቅሎ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ አጽድቶ እዚያው መመለስ፣ ስህተቱ ከቀጠለ ሌላ ማስገቢያ ላይ መሰካት ነው። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ሞቷል፤ ማስገቢያው ላይ ከቀረ ችግሩ የቦርዱ ወይም የፕሮሰሰሩ ነው። ይህ የሚለየው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ከተቀየረ ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ለውጦ «ተነሳ!» ማለት ምክንያቱን ሳያውቁ መቅረት ነው።

የተበላሸው ዲስክ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ይሻላል። መረጃው በብዙ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ በሚቀመጥበት ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃው አይጠፋም፤ ሁለተኛ ከተከተለ ግን አበቃ። ዲስኮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አብረው ተገዝተው አብረው ያረጁ ናቸው። አዲስ ዲስክ ተተክቶ የመረጃው መልሶ ግንባታ ሲጀመር የቀሩት ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበቡ ደካማው ያኔ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መረጃውን ወደ ውጪ ዲስክ መገልበጥ፤ ዲስኮቹንም ከመንቀል በፊት እያንዳንዱ ላይ ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሲነሳ ሰዓቱ ይታይ። ቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ካለቀች፣ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፤ ሳይስተካከል የገባ ልኬት ሁሉ ቀኑ የተሳሳተ ይሆናል።