በአዋሽ ወንዝ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ

በአዋሽ ወንዝ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው የሚያስፈልገው የዘንግ ብዛት በዓሣው ዓይነትና በውሃው ሁኔታ ይወሰናል። በወንዙ ከሚገኙት ዓሦች ዋናዎቹ አምባዛ፣ ቆሮሶና ቢልጫ ናቸው።

አምባዛ በአፉ ዙሪያ 8 ጢሞች አሉት። ምግቡን በመዳሰስና በማሽተት ስለሚያገኝ ድፍርስ ውሃ አያግደውም፤ ከአየርም ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ስለዚህ በክረምት፣ የደጋው ጎርፍ ወንዙን ሲያደፈርሰው፣ ትል ወይም ሥጋ የተሰካበት አንድ ጠንካራ ገመድ ወደ ወንዙ ወለል ቢወርድ ይበቃል። ቆሮሶ ግን በአብዛኛው አልጌ ስለሚመገብ በሥጋ ብዙም አይያዝም፤ ለእርሱ መረብ ይሻላል። በበጋ ውሃው ሲጠራ ለቢልጫ ቀጭን ገመድ ያለው ሁለተኛ ዘንግ ይጠቅማል።

በሰሜን አሜሪካ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በጀልባቸው ብዙ ዘንግ ይደረድራሉ፤ በየዘንጉ የተለያየ ሰው ሠራሽ ማባበያ ያስራሉና። በአዋሽ ይህ ትርፍ ሸክም ነው። በአዋሽ ከተማ አጠገብ ወንዙ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚፈስ ጀልባ አይመችም፤ ከዳር ሆኖ የሚያጠምድም አዞ መጠበቅ አለበት፤ ዓይኑን በብዙ ገመድ ላይ መበተን አያዋጣውም። ከሰመራ በታች፣ በአሳይታ በኩል ያሉት የገማሪና የአፋምቦ ሐይቆች ግን ለጀልባ የተሻሉ ናቸው። ወንዙ የሚያበቃበት የአቤ ሐይቅ ጨዋማ ነው።