ግንባር ላይ የሚለጠፈው የአንጎል ዘብ

የልብ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የማደንዘዣ ሐኪሙ የታካሚውን ግንባር ጠርጎ ያደርቅና በግራና በቀኝ ሁለት ፕላስተሮች ይለጥፋል። ገመዳቸው ከተሰካ በኋላ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። መሣሪያው የአንጎል ኦክሲሜትር ነው፤ ልብ ሲጠገን አንጎል ኦክስጅን እንዳያጥረው ይጠብቃል።

ስጋቱ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። ልብ ቆሞ ሲጠገን ደም የሚያዘዋውረው የልብና ሳንባ ማሽን ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ በሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ ተጠቅሞበታል። ከልብ ከሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ከአኦርታ ግድግዳ የተፈረፈረ ስብና ካልሲየም ወይም የአየር አረፋ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሥራውን የሚሠራው በትርታ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደሙን ያለ ትርታ ይገፋል።

የአንጎል ኦክሲሜትር ትርታ አይፈልግም። ተመራማሪው ፍራንስ ዮብሲስ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳየው፣ ለዓይን የማይታየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ቆዳና አጥንት አልፎ ይገባል። ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ሂሞግሎቢን ብርሃኑን የሚውጡት በተለያየ ልክ ስለሆነ፣ ከሚመለሰው ብርሃን የኦክስጅኑ መጠን ይሰላል።

ንባቡ በብዙዎች ከ60 እስከ 80 በመቶ ነው። ሐኪሞቹ ግን ይበልጥ የሚያዩት ታካሚው ከመደንዘዙ በፊት የተመዘገበውን የራሱን ቁጥር ነው። ከዚያ በአንድ አምስተኛ ከወረደ ፍለጋው ይጀመራል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የአንገቱ አቀማመጥና ደም የሚያስገባው ቱቦ ይታያሉ። በሁለቱም ከሆነ የደም ግፊቱ፣ የማሽኑ ፍሰት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንና የደም ማነስ ይመረመራሉ።

ሆኖም መሣሪያው የሚለካው የኦክስጅን እጥረትን እንጂ ስትሮክን አይደለም። የሚያየው ከግንባር ጀርባ ያለውን ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ የተወሸቀ የረጋ ደም ሊያመልጠው ይችላል። አንዳንድ ሆስፒታሎች በራስ ቅል በኩል የደም ፍሰትን የሚያዳምጥ ዶፕለር ወይም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ኢኢጂ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ ብዙ ስትሮክ የሚመጣው ፕላስተሩ ከተነሳ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፤ አንዱ ምክንያት የልብ ምት መዛባት ነው። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ያለ ቤተሰብ የታካሚው አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ሳይውል ሳያድር ነርስ መጥራት አለበት።