አንድ ሎሚ፣ ሁለት አረፋ፦ ሲንግል እና ደብል ዲስፕሌስመንት በምን ይለያሉ?

ኬሚስትሪ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያምታታ ነገር ነው። ሁለቱም ዲስፕሌስመንት ይባላሉ፣ ሁለቱም አረፋ ሊያወጡ ይችላሉ። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ምሳሌዋን ሸምድዶ ፈተና ይገባል፤ ምሳሌዋ ትንሽ ስትቀየር አለቀለት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ታስታውሳላችሁ።

እስቲ ኩታበር የእርሻ ማሳ ላይ እንውጣ። ጥማድ በሬ አስቡ። ብቻውን የቆመ ጉልበተኛ በሬ መጥቶ ከተጠመዱት አንዱን አስወጥቶ ቦታውን ቢይዝ፣ የወጣው ብቻውን ይቀራል። ይሄ ሲንግል ነው። ሁለት ጥማዶች በሬ ቢቀያየሩ ግን ብቻውን የሚቀር የለም። ይሄ ደብል ነው።

አሁን ሎሚ አምጡ። የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ቁራጩ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ስታደርጉ ቀስ እያለ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። ብቻውን የነበረው ዚንክ ከአሲዱ ሃይድሮጅንን አባሮ ቦታውን ያዘ፤ አረፋው የተባረረው ሃይድሮጅን ነው።

ያንኑ ሎሚ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጨምቁት። ወዲያው ገነፈለ አይደል? እዚህ ብቻውን የመጣ ንጥረ ነገር የለም። የሶዳው ሶዲየምና የአሲዱ ሃይድሮጅን ቦታ ተለዋወጡ። የተፈጠረው ካርቦኒክ አሲድ ግን አይረጋም፣ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ስለዚህ አረፋ አይታችሁ አትወስኑ፤ ከቀስቱ በፊትና በኋላ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ፈልጉ።

ሲንግል ጉልበት ይጠይቃል። ዚንክ ሃይድሮጅንን ያስወጣል፣ መዳብ ግን በሎሚ አሲድ አይችልም። የጉልበት ሰንጠረዡን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደብል ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ዝቃጭ፣ ጋዝ ወይም ውሃ ተፈጠረ ወይ? የገበታ ጨውና ፖታሲየም ናይትሬት በውሃ ብትቀላቅሉ ምንም አይፈጠርም። በፖታሲየም ናይትሬት ፋንታ ሲልቨር ናይትሬት ከሆነ ግን ነጭ ዝቃጭ ታያላችሁ።

ይሄ ነገር ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ውስጥ እርጎ፣ ጠላ ወይም የሎሚ ጭማቂ ከቆየ ያው ሲንግል ዲስፕሌስመንት ይካሄዳል። ዚንኩ እየሟሟ መጠጡ ውስጥ ይገባል፤ ሲበዛ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ለእነሱ ፕላስቲክ ወይም ሸክላ ይሻላል፣ ባልዲው ለውሃ ይሁን።