ነቀርሳ የፊኛን ግድግዳ የሚሰብርበት መሣሪያ

ከናዝሬት ወደ ወንጂ የሚወርድ መንገደኛ ከሩቅ የሚቀበለው የሸንኮራ አገዳው ልምላሜ ነው። ይህን ሁሉ የሚያጠጣው አዋሽ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሆላንዶች በወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመሩ ወዲህ፥ ውሃው በየቦዩ እየተከፋፈለ ሜዳውን አልምቶታል። ነገር ግን ቦዩ ለአገዳው እንደ ተመቸ ሁሉ ለቀንድ አውጣም ተመችቷል፤ በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ደግሞ የቢልሃርዝያ ትል እጭ ያድጋል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። በወንጂና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው አንጀትን የሚጎዳው ነው። ሁለተኛው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፥ በገዋኔ አካባቢ ባሉ ረግረጎች የሚገኘውና የሽንት ፊኛን የሚይዘው ነው። ከነቀርሳ፥ ማለትም ከካንሰር ጋራ በጥብቅ የተሳሰረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ለመሆኑ ይህ ዓይን የማያየው እጭ የሰውን ቆዳ በምን ይበሳል? ወስፌ የለው፥ ጥርስ የለው። ምስጢሩ ኤንዛይም ነው። ጠላ የጠመቀች ባልቴት ሁሉ ሥራውን በእጇ ታውቀዋለች፤ ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በውስጡ ባለው ኤንዛይም ነውና። የፓፓያም ወተት ጠንካራ ሥጋ የሚያለሰልሰው በዚሁ ዓይነት ኃይል ነው። እጩም ቆዳ የሚያሟሟ ኤንዛይም እየረጨ ይገባል። ኋላም ትሏ በፊኛው ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች የጣለችው እንቁላል፥ ሥጋ በሚያሟሟ ፈሳሽ እየታገዘ ግድግዳውን አልፎ ከሽንት ጋራ ይወጣል። መውጣት ያቃተው እዚያው ይቀበራል። ፊኛው ለዓመታት ይቆስላል፥ ይሽራል፥ ደግሞም ይቆስላል። ከዚህ ቁስል ነቀርሳ ሊነሣ ይችላል።

የሚያስደንቀው፥ ነቀርሳውም የሚሠራበት መሣሪያ የዚሁ ዓይነት መሆኑ ነው። የፊኛ ግድግዳ ድርብርብ ነው። ሽንት የሚነካው ስስ ሽፋን ከላይ ነው፤ ከሥሩ ከኮላጅንና ከሌሎች ፕሮቲኖች እንደ ሰሌን የተሸመነ ንጣፍ አለ፤ ከዚያ ልል ሥጋ፥ በመጨረሻም ጡንቻው ይገኛል። ነቀርሳው ከንጣፉ በላይ እስካለ ድረስ እንደ ታሰረ ሌባ ነው።

በ1962 ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር የተባሉ ሊቃውንት የእንቁራሪት ልጅ ስታድግ ጭራዋን የሚያጠፋው ምን እንደ ሆነ ሲመረምሩ፥ ኮላጅንን የሚቆርጥ ኤንዛይም አገኙ። የሰው ገላም ቁስሉን ሲጠግን በዚህ ዓይነቱ ኤንዛይም ይጠቀማል፤ ነገር ግን በልኩና በጊዜው ነው፤ የሚገቱት ሌሎች ፕሮቲኖች አሉና። ነቀርሳ ይህን ልጓም ይበጥሳል። የጎረቤት ሕዋሳትን ሳይቀር አስገድዶ ኤንዛይም ያሠራቸዋል፤ ንጣፉ ይቀደዳል፤ እርሱም በተከፈተው በር ወደ ጡንቻው፥ ከዚያም ወደ ደም ሥር ይዘልቃል።

በ1990ዎቹ ሐኪሞች እነዚህን ኤንዛይሞች የሚገቱ መድኃኒቶች በልዩ ልዩ ነቀርሳዎች ላይ ሞክረው ነበር፤ የታሰበውን ያህል አልረዱም፥ መገጣጠሚያንም አሳመሙ። ስለዚህ ዛሬም ትልቁ ነገር ቀድሞ መድረስ ነው። ነቀርሳው ጡንቻውን ሳይነካ ቢገኝ፥ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተቆርጦ ወጥቶ ፊኛው ሊተርፍ ይችላል። ጡንቻውን ከያዘ ግን ብዙ ጊዜ ፊኛውን በሙሉ ማውጣት ግድ ይሆናል።

የቢልሃርዝያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። ቀንድ አውጣውን በሚመለከት ደግሞ የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ታላቅ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰውም ቢሆን እኔን አይነካኝም አይበል፤ በዓለም ላይ ለፊኛ ነቀርሳ ከሁሉ የበለጠው ምክንያት ሲጋራ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሽንትህ ደም ቢቀላቀልበት፥ ባያምህም፥ አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም፥ ሙቀት ነው ብለህ አትለፈው። አፍሮ ዝም ማለት ለነቀርሳው ጊዜ መስጠት ነው። ንጣፉ ሳይቀደድ ወደ ሐኪም ሂድ።